የአሥራ አራቱ ቀን ወሰን፤ በእንግሊዝ አገር የሰው ሽል ምርምር በፈቃድ እንዲሠራ የተደረገበት ታሪክ

በእንግሊዝ አገር በሰው ሽል ላይ ምርምር ለማድረግ የሚፈልግ ማንኛውም ሊቅ፣ ዕውቀቱ ምንም ያህል ቢሆን፣ አስቀድሞ ፈቃድ መቀበል አለበት። ፈቃዱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት በ1990 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ሲቋቋም አንድ እንግዳ ነገር ተደነገገ፤ ይኸውም ሊቀ መንበሩም ሆነ ምክትሉ ሐኪም ወይም በዚህ ምርምር የሚሠራ ሰው እንዳይሆን መከልከሉ ነው። ከቀሩትም አባላት መካከል ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ከሢሶ ማነስ የለባቸውም፤ እኩሌታ መሙላትም የለባቸውም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን በመጀመሪያ ባነበብን ጊዜ እጅግ ተገረምን። የድልድይን ሥራ መሐንዲስ ይመረምራል፤ የመድኃኒትንም ነገር መድኃኒት ዐዋቂ ይመረምራል። ታዲያ ከሁሉ ይልቅ ረቂቅ የሆነውን ይህን ሥራ ሐኪም ያልሆነ ሰው እንዲመራው ለምን ተፈለገ? የዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ከሳይንስ መጻሕፍት ይልቅ ከታሪክ ነው። አንዳንድ ጓደኞቻችን ታሪክ ሲባል የጦር ሜዳና የነገሥታት የዘር ሐረግ ብቻ ይመስላቸዋል፤ እኛ ግን የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በሚወጣው በዚህ መጽሔት ላይ አንድ ሕዝብ ሰይፍ ሳይማዘዝ ሃያ ዓመት ያህል የተከራከረበትን ጉዳይ ለመጻፍ መርጠናል።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ስለ ነገሩ ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። የሴት እንቁላል ስፋቷ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ከወንድ ዘር ጋር ከተዋሐደች በኋላ በሁለተኛው ቀን ለሁለት፣ ቀጥሎም ለአራት ትከፈላለች፤ በሦስተኛው ቀን ስድስት ወይም ስምንት ሕዋሳት ይሆናሉ። በአምስተኛውና በስድስተኛው ቀን ሽሉ ውስጡ ክፍት የሆነ ትንሽ ኳስ ይመስላል፤ በሰባተኛው ቀን ገደማም ከማሕፀን ግድግዳ ጋር መጣበቅ ይጀምራል። እስከ ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ድረስ አንዱ ሽል ለሁለት ተከፍሎ ፍጹም የሚመሳሰሉ መንትዮች ሊሆን ይችላል። በአሥራ አምስተኛው ቀን ገደማ ግን በሽሉ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ብቅ ይላል፤ ሊቃውንትም «የመጀመሪያው መስመር» ይሉታል። ራስጌውና ግርጌው፣ ቀኙና ግራው የሚለየው በዚህ መስመር ነው፤ አከርካሪና አንጎልም መሠራት የሚጀምሩት ከዚህ በኋላ ነው። ሕጉ የቆመው በዚህ መስመር ላይ ስለ ሆነ አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን።

በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ሮበርት ኤድዋርድስ የሰውን እንቁላል ከአካል ውጭ፣ በመስታወት ሳህን ውስጥ፣ ለማስፀነስ ብዙ ዓመት ደከሙ። የሴቲቱን ሆድ በሰፊው ሳይቀዱ በቀጭን መመልከቻ መሣሪያ እንቁላሉን ማውጣት ይችሉ የነበሩት ደግሞ በኦልደም ከተማ የነበሩት ሐኪም ፓትሪክ ስቴፕቶ ነበሩ። ሁለቱ በ1968 ዓ.ም. ተገናኙ፤ ነርስ የነበሩት ወይዘሪት ጂን ፐርዲም የሥራቸው ተካፋይ ሆኑ። በ1969 ዓ.ም. የሰው እንቁላል ከአካል ውጭ መፀነሱን ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት አስታወቁ። ይሁን እንጂ በ1971 ዓ.ም. የገንዘብ ርዳታ ቢለምኑ የአገሩ የሕክምና ምርምር ጉባኤ ከለከላቸው። ከምክንያቶቹም አንዱ፣ ሥራው በዝንጀሮ ዘር ላይ በሚገባ ሳይፈተን በሰው ላይ መሞከሩ ያሠጋል የሚል ነበር። እነርሱም ከግል ለጋሾች ባገኙት ገንዘብ በኦልደም አጠገብ በአንዲት ትንሽ ሆስፒታል ውስጥ ሥራቸውን ቀጠሉ።

ኤድዋርድስ ዝም ብለው የሚሠሩ ሰው አልነበሩም። በዚያው በ1971 ዓ.ም. ዴቪድ ሻርፕ ከተባሉ የሕግ ሰው ጋር ሆነው ስለዚህ ሥራ ማኅበራዊና ሕጋዊ ጥያቄዎች ጽሑፍ አወጡ። ተቺዎቻቸው ይህን ብዙ ጊዜ ይረሱታል።

በሐምሌ 25 ቀን 1978 ዓ.ም. ሌሊት በኦልደም ሆስፒታል ሉዊዝ ብራውን የተባለች ሕፃን ተወለደች። ክብደቷ 2.6 ኪሎ ነበር። እናቷ ሌዝሊ ብራውን የእንቁላል መውረጃ ቱቦዎቻቸው በመዘጋታቸው ዘጠኝ ዓመት ልጅ አጥተው የኖሩ ሴት ነበሩ። በአገራችን መካን የተባለች ሴት ከዘመድም ከጎረቤትም ምን እንደሚደርስባት የማያውቅ የለም፤ በመጽሐፈ ሳሙኤል የሐናን እንባ ያነበበም ይህን ልደት ተራ ነገር ነው ብሎ አያልፈውም። ኤድዋርድስ በ2010 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ ወይዘሪት ፐርዲ በ1985 ዓ.ም. በ39 ዓመታቸው፣ ስቴፕቶም በ1988 ዓ.ም. ዐርፈው ስለ ነበር የሽልማቱ ተካፋይ ለመሆን አልታደሉም።

ደስታው ግን ጥያቄ ወለደ። ለሕክምናው ከአንዲት ሴት በአንድ ጊዜ ብዙ እንቁላል ይወጣል፤ የተፀነሰው ሁሉ ወደ ማሕፀን አይመለስም። የቀሩት ምን ይሁኑ? ይጣሉ? በብርድ ይቀመጡ? ወይስ ሊቃውንት ይማሩባቸው? ያለ ምርምርም ሕክምናው ሊሻሻል አይችልም ነበር፤ በዚያን ዘመን ከብዙ ሙከራ የሚሳካው ጥቂቱ ብቻ ነበርና። በአገሩ ሕግ ውስጥ ግን ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል እንኳ አልነበረችም። ከአካል ውጭ የሚገኝ ሽል እንደ ሰው አይቆጠር፣ እንደ ዕቃም አይቆጠር፣ ባለቤቱም አይታወቅ ነበር።

በሐምሌ 1982 ዓ.ም. መንግሥት አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ሊቀ መንበርነቱንም ለወይዘሮ ሜሪ ዋርኖክ ሰጠ። መምህሮቻችን ይህን ሲያነቡ ደስ እንደሚላቸው እናምናለን፤ ወይዘሮ ዋርኖክ በኦክስፎርድ ፍልስፍና ያስተማሩ፣ ከ1966 እስከ 1972 ዓ.ም. የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ሆነው የሠሩ፣ የአምስት ልጆችም እናት ነበሩና። የኮሚቴው አባላት አሥራ ስድስት ሲሆኑ ከእነርሱ መካከል ሐኪሞች፣ የሕግ ዐዋቂዎች፣ የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኞችና አንድ የነገረ መለኮት መምህር ይገኙ ነበር። የሽልን እድገት በሙያቸው ያጠኑት ዶክተር አን ማክላረን ነበሩ። እሳቸው ከዶክተር ጆን ቢገርስ ጋር በ1958 ዓ.ም. የአይጥ ሽል በመስታወት ውስጥ አሳድገው በሌላ አይጥ ማሕፀን በማኖር በደኅና እንዲወለድ ያደረጉ ሊቅ ናቸው። በኮሚቴው ስብሰባ ላይ የሽልን ነገር ከቀን ወደ ቀን እየተነተኑ ለጓደኞቻቸው ያስረዱ ነበር። ታላቅ ሥራቸውም ይህ ይመስለናል፤ የሚያውቁትን ለማያውቁት ገልጸው ካስረዱ በኋላ ፍርዱን ለብቻቸው አልያዙትምና።

የኮሚቴው ሪፖርት በሐምሌ 1984 ዓ.ም. ወጣ። ሕዝቡ የጠበቀው «ሰው ሰው መባል የሚጀምረው መቼ ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነበር። ኮሚቴው ግን ይህን ጥያቄ ወደ ጎን ትቶ «ሽልን እንዴት አድርጎ መያዝ ተገቢ ነው?» ብሎ ጠየቀ። የፊተኛውን ጥያቄ ሳይንስ ብቻውን ሊመልሰው አይችልም፤ ሃይማኖቶችም በመልሱ አይስማሙም፤ የኋለኛውን ግን የተለያየ እምነት ያላቸው ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሊወስኑት ይችላሉ። ውሳኔያቸውም የሰው ሽል ከሌላው ሥጋ የተለየ ክብር እንዳለው፣ በሕግም መጠበቅ እንደሚገባው፣ ምርምር ግን በፈቃድና በቁጥጥር እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ድረስ ሊደረግ እንደሚችል የሚገልጽ ነበር። ከዚያ በኋላ ሽልን ከአካል ውጭ ማቆየት ወንጀል እንዲሆን አሳሰቡ። የአሥራ አራት ቀን ወሰን አስቀድሞ በ1979 ዓ.ም. በአሜሪካ መንግሥት አማካሪ ሸንጎ ተነሥቶ ነበር፤ እዚያ ግን ሕግ ሳይሆን ቀረ።

ለምን አሥራ አራት ሆነ? ለምን አሥራ ሦስት ወይም ሃያ አልሆነም? አስቀድመን ያነሣነው መስመር የሚታየው በአሥራ አምስተኛው ቀን ገደማ ስለ ሆነ ከዚያ በፊት ማቆም ተገቢ ነው ተባለ። መስመሩ ከታየ በኋላ ሽሉ አንድ መሆኑ ይለያል፤ ከዚያ በፊት ግን ገና ሁለት ሊሆን ይችላል። ይህ መልካም ምክንያት ነው፤ ቢሆንም ብቸኛው ምክንያት አይደለም። በትምህርት ቤታችን 50 ያገኘ ተማሪ ያልፋል፣ 49 ያገኘ ይወድቃል። በ49ና በ50 መካከል ትልቅ የዕውቀት ገደል አለ ብሎ የሚያምን መምህር የለም፤ ነገር ግን ወሰን ካልተደረገ ማለፍም መውደቅም ትርጉም ያጣል። አሥራ አራትም እንዲሁ ነው። የላቦራቶሪ ተቆጣጣሪም ሆነ ዳኛ፣ ገበሬም ሆነ እንደራሴ፣ ሁሉም እስከ አሥራ አራት መቁጠር ይችላል። «ሽሉ ሕመም እስኪሰማው ድረስ» ወይም «ሰው መምሰል እስኪጀምር ድረስ» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ግን መፍቻው በሊቃውንቱ እጅ ብቻ በቀረ ነበር። ቀንን ቈጥሮ ማክበር ለእኛም ባዕድ አይደለም፤ በአገራችን ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ።

ኮሚቴው አንድ ልብ አልነበረም። ሦስት አባላት ሽል ሰው ሊሆን የሚችል ነውና ምርምር ጨርሶ ሊደረግበት አይገባም ሲሉ በሪፖርቱ መጨረሻ ተቃውሟቸውን ጻፉ። ሌሎች አራት ደግሞ ከሕክምና በተረፈው ሽል ይሠራ፣ ለምርምር ተብሎ ግን ሽል አይፈጠር አሉ። ተቃውሞውን ሳይሸፍኑ ከነስማቸው ማተማቸው እጅግ ደስ ይላል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከኮሚቴ ወጥቶ ወደ ፓርላማ ገባ። እንደራሴው ኢኖክ ፓወል ሽል ሊፈጠር የሚገባው በስሟ ለታወቀች ሴት ማሕፀን ብቻ ነው፣ ለዚህም የሚኒስትር ፈቃድ ያስፈልጋል የሚል ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። በየካቲት 15 ቀን 1985 ዓ.ም. ረቂቁ በሁለተኛው ንባብ 238 ለ66 በሆነ ድምፅ አለፈ። ይህ ቁጥር ሊቃውንቱን አስደነገጣቸው፤ ረቂቁ ሕግ ቢሆን ኖሮ ምርምሩ በዚያው ባበቃ ነበር። ሕግ ሳይሆን የቀረው ክርክሩ ስለ ተሸነፈ አይደለም፤ ጊዜ ስላለቀበት ነው። በሰኔ ወር ረቂቁ እንደገና ሊነሣ በተቀጠረበት ቀን አንድ ተቃዋሚ እንደራሴ በአንድ ወረዳ ስለሚደረግ የማሟያ ምርጫ ነገር አንሥተው ለረዥም ሰዓት ተናገሩ፤ ጊዜውም በዚያው አለፈ። ለመልካም ዓላማ ቢሆንም እንኳ ይህ የሚያኰራ አሠራር አይመስለንም።

ሊቃውንቱ ግን ትምህርት አገኙበት። በመጋቢት 1985 ዓ.ም. የሕክምና ምርምር ጉባኤና የማሕፀንና የወሊድ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ተባብረው፣ የመንግሥትን ሕግ ሳይጠብቁ፣ በውዴታ የሚሠራ ፈቃድ ሰጭ ሸንጎ አቋቋሙ። ሊቀ መንበሯም ወይዘሮ ሜሪ ዶናልድሰን ሆኑ፤ እሳቸውም ነርስነት ተምረው የነበሩና በ1983 ዓ.ም. የሎንዶን ሎርድ ከንቲባ ለመሆን የበቁ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። የሸንጎው አባላት ወደየላቦራቶሪው እየሄዱ ይመረምሩ፣ የሥራውን ዕቅድ ያዩ፣ የፈቀዱትንም በየዓመቱ አትመው ያወጡ ነበር። ለአንዲት ሴት በአንድ ጊዜ ከሦስት፣ ቢበዛም ከአራት የሚበልጥ ሽል እንዳይሰጥ ያዘዙት እነርሱ ናቸው። ይህም ብዙ መንታ ተረግዞ እናትና ሕፃናት እንዳይጎዱ ነው።

ሆኖም ሸንጎው ፖሊስም ፍርድ ቤትም አልነበረውም። እንቢ የሚል ቢመጣ ስሙን ከማሳተምና ከማሳፈር በቀር ምንም ሊያደርገው አይችልም ነበር። ቁጥጥር በሊቃውንት ፈቃድ ብቻ ሲቆም የሚጎድለው ይህ ነው። በ1989 ዓ.ም. የሸንጎው ስም ተለውጦ «ጊዜያዊ ፈቃድ ሰጭ» ተባለ፤ መንግሥት ሕጉን ማዘግየቱን ለማሳሰብ ከዚህ የተሻለ ስም የሚገኝ አይመስለንም።

በመጨረሻ መንግሥት ረቂቅ ሕግ አቀረበ፤ አቀራረቡም ያልተለመደ ነበር። ስለ ምርምር ሁለት አንቀጾች ጎን ለጎን ተጻፉ፤ አንዱ የሚከለክል፣ ሁለተኛው በፈቃድ እንዲሆን የሚያዝ። እንደራሴዎቹም ከፓርቲ ትእዛዝ ነጻ ሆነው ኅሊናቸው እንደመራቸው እንዲመርጡ ተተዉ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ምርምሩን አጥብቃ ተቃወመች፤ ቫቲካንም በ1987 ዓ.ም. ሽል ከፅንሰቱ ጀምሮ እንደ ሰው ሊከበር እንደሚገባው በጽሑፍ አስታውቃ ነበር። በሎርዶች ምክር ቤት ግን ቀድሞ የሳይንስ ሰው የነበሩት የዮርክ ሊቀ ጳጳስ ጆን ሃብጉድ ምርምሩ በወሰን ቢፈቀድ ይሻላል ብለው ተናገሩ። እንግዲህ ክርክሩ የሃይማኖትና የሳይንስ ጦርነት ነበር የሚሉ ሰዎች ይሳሳታሉ። በየካቲት 1990 ዓ.ም. ሎርዶች 234 ለ80 በሆነ ድምፅ ፈቃዱን መረጡ።

የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ድምፅ ሊሰጥ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንድ ዜና መጣ። በሎንዶን በሃመርስሚዝ ሆስፒታል የሚሠሩት አለን ሃንዲሳይድና ሮበርት ዊንስተን፣ ከነጓደኞቻቸው፣ በሦስተኛው ቀን ከሽል ላይ አንዲት ሕዋስ ብቻ አንሥተው ሽሉ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን ለይተው ማወቃቸው በኔቸር መጽሔት በሚያዝያ 19 ቀን ታተመ። ጥቅሙ ምን ነበር? ከእናት ወደ ወንዶች ልጆች ብቻ የሚተላለፉ ጽኑ በሽታዎች አሉ፤ እናቲቱ ራሷ ጤነኛ ትሆናለች፣ ወንዶች ልጆቿ ግን በሕፃንነታቸው አእምሮአቸው ይጎዳል ወይም ይሞታሉ። እንዲህ ያሉ እናቶች ሴት ሽል ብቻ ተመርጦላቸው ፀንሰው ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ የምርምሩ ጥቅም ወደፊት የሚመጣ ተስፋ ሆኖ ይነገር ነበር፤ አሁን ግን በዐይን የሚታይ ሆነ። በሚያዝያ 23 ቀን እንደራሴዎቹ 364 ለ193 በሆነ ድምፅ ፈቀዱ። የ1985ቱን ድምፅ ከዚህ ጋር ያስተያየ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ ስንት ሰው ሐሳቡን እንደ ለወጠ ይረዳል። ሕጉ በኅዳር 1 ቀን 1990 ዓ.ም. ጸደቀ፤ የሰው ፅንስና የሽል ጉዳይ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤትም በነሐሴ 1 ቀን 1991 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ኮሊን ካምቤል የተባሉ የሕግ ፕሮፌሰር ነበሩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተመራማሪው ዕቅዱን ጽፎ ያቀርባል፤ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ያሉ የሙያው ሊቃውንትም ዕቅዱን ይመረምራሉ። ተቆጣጣሪዎች ወደ ላቦራቶሪው ሄደው ያያሉ። ዓላማው ሕጉ ከዘረዘራቸው ዓላማዎች መካከል መሆን አለበት፤ በ1990 ዓ.ም. የተዘረዘሩት መካንነትን ማከም፣ የውርጃን ምክንያት ማወቅ፣ አብሮ የሚወለድን በሽታ መመርመርና እነዚህን የመሳሰሉ ነበሩ። ሽል ሳይነካ ሥራው ሊሠራ የሚችል ከሆነ ፈቃድ አይሰጥም። ሽሉን የሰጡት ባልና ሚስት በጽሑፍ መስማማት አለባቸው፤ ሽሉ በሥራ ላይ ከመዋሉ በፊትም ስምምነታቸውን መመለስ ይችላሉ። ፈቃዱ ከሦስት ዓመት አይበልጥም፤ በፈቃዱ ላይም የአንድ ኀላፊ ሰው ስም ይጻፋል፤ ጥፋት ቢገኝ የሚጠየቅ ሰው እንዲኖር ነው። ያለ ፈቃድ የሚሠራ እስከ ሁለት ዓመት፣ ሽልን ከአሥራ አራት ቀን በላይ የሚያቆይ እስከ አሥር ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል።

አሁን ስለ ሊቀ መንበሩ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። ነገሩን በክርክር ማኅበራችን ባቀረብነው ጊዜ የሥነ ሕይወት ትምህርት የሚወድ አንድ ጓደኛችን «የማያውቅ ሰው የሚያውቀውን እንዴት ይፈርደዋል?» ብሎ ጠየቀ፤ ጭብጨባም አገኘ። አባቷ ዳቦ ቤት ያላቸው ሌላዋ ጓደኛችን ተነሥታ «አባቴ ዳቦ መጋገር ከማንም ይበልጥ ያውቃል፤ ሚዛኑን የሚያየው ግን የማዘጋጃ ቤት ሰው ነው» አለች። እኛ ከእርሷ ጋር ነን። ሐኪሞቹ ክፉ ሰዎች ስለ ሆኑ አይደለም። አንድ ሰው ዕድሜውን የሰጠው ሥራ አንድ እርምጃ ሲቀረው «ይህችን ብቻ» ማለቱ አይቀርም፤ ከራስ በላይ ነፋስ ይባላልና። ደግሞም ሢሶው አባላት ዐዋቂዎች ባይሆኑ ኖሮ ሸንጎው የተነገረውን ሁሉ የሚያምን፣ ወይም የማያውቀውን ሁሉ የሚፈራ በሆነ ነበር። እንግሊዞች ይህን በቁጥር ለመመዘን መሞከራቸው ያስመሰግናቸዋል።

በዚያው በ1990 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ጀርመን ሽልን የሚጠብቅ ሕግ አወጣች፤ በሽል ላይ የሚደረገውንም ምርምር በወንጀል ከለከለች። በናዚ ዘመን ሐኪሞች በሰው ላይ የፈጸሙትን ያልረሳ ሕዝብ እንዲህ ቢወስን የሚያስደንቅ አይደለም። በአሜሪካ ደግሞ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ ለዚህ ምርምር እንዳይውል ተከለከለ፤ በግል ገንዘብ የሚሠራውን ግን የፌዴራል ፈቃድ ሰጭ አልተቆጣጠረውም። ይህ ከሁሉ የከፋው መንገድ ይመስለናል፤ ገንዘቡን ይከለክላል እንጂ ሥራውን አያይምና።

የእንግሊዙ ሕግ ግን እንከን አላጣም። በ1990 ዓ.ም. ሽል ምን እንደ ሆነ ሲተረጎም የእንቁላልና የወንድ ዘር ውሕደት ተጠቅሶ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ዶሊ የተባለች በግ ከአንዲት አዋቂ በግ ሕዋስ፣ ያለ ወንድ ዘር፣ ተወለደች። ታዲያ የሰው ሽል በዚህ መንገድ ቢፈጠር በሕጉ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? ምርምሩን የሚቃወም አንድ ማኅበር ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ ውጭ ነው ሲል ተከራከረ፤ በኅዳር 2001 ዓ.ም. ዳኛው ተስማሙለት። እንግዲህ የፈለገ ሰው ያለ ፈቃድ ሰውን በዚህ መንገድ ለመፍጠር ቢሞክር የሚከለክለው ሕግ የለም ማለት ሆነ! ፓርላማው በጥቂት ሳምንት ውስጥ እንዲህ ያለውን ሽል በሴት ማሕፀን ማኖርን የሚከለክል ሕግ አወጣ። በኋላም ይግባኝ ሰሚዎቹ፣ በመጨረሻም በ2003 ዓ.ም. የሎርዶች ምክር ቤት ዳኞች፣ የሕጉ አሳብ ከአካል ውጭ ያለውን ሕያው የሰው ሽል ሁሉ መጠበቅ ነው ብለው የፊተኛውን ፍርድ ሻሩት። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ወጪ ለመቀነስ ባለሥልጣኑን ሊያፈርሰው አስቦ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. አሳቡን ተወ።

የፈቃድ ጥቅም በግልጽ የታየው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በሎንዶን በፍራንሲስ ክሪክ ኢንስቲቲዩት የሚሠሩት ዶክተር ካቲ ኒያካን የሰውን ሽል የዘር ቅንጣት ለመለወጥ ፈቃድ ተቀበሉ። ዓላማቸው አንዲት የዘር ቅንጣት በሽል እድገት ውስጥ ምን እንደምትሠራ ማወቅ ነበር፤ ሽሉን በሰባተኛው ቀን ማቆም ነበረባቸው፤ በማሕፀን ማኖርም ክልክል ነበር። በ2018 ዓ.ም. ኅዳር ወር ግን በቻይና ሄ ጂያንኩዊ የተባሉ ተመራማሪ የዘር ቅንጣታቸው የተለወጠ መንትያ ሴቶች ልጆች መወለዳቸውን አስታወቁ። መላው ዓለም ደነገጠ፤ በ2019 ዓ.ም. መጨረሻም ሦስት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ፍርዱ ግን ለልጆቹ ምን ይጠቅማቸዋል? የተለወጠው በሰውነታቸው ውስጥ ነው፤ ለልጆቻቸውም ሊተላለፍ ይችላል።

ሌላው ምሳሌ በልጆች ሰውነት ውስጥ ኀይል የሚሰጡት ሚቶኮንድሪያ የተባሉት ጥቃቅን ነገሮች ሲበላሹ የሚመጣው በሽታ ነው። ይህ ከእናት ብቻ ይወረሳል። የእናቲቱን የዘር ፍሬ ጤነኛ ሚቶኮንድሪያ ወዳለው የሌላ ሴት እንቁላል ማዛወር ይቻል እንደ ሆነ ለመመርመር ባለሥልጣኑ ከ2011 እስከ 2016 ዓ.ም. አራት ጊዜ የሊቃውንት ጉባኤ ጠራ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. እንደራሴዎቹ 382 ለ128 በሆነ ድምፅ ፈቀዱ። በ2017 ዓ.ም. በኒውካስል ከተማ ላለ የሕክምና ቤት ፈቃድ ተሰጠ፤ ቢሆንም እያንዳንዷ እናት ለብቻዋ ጉዳይዋ ታይቶ መፈቀድ ነበረበት። በዚህ መንገድ ስምንት ሕፃናት መወለዳቸው በሐምሌ 2025 ዓ.ም. ታወቀ። በመጠበቅ ላይ ሳሉ የመውለጃ ዕድሜያቸው ያለፈባቸው እናቶች መኖራቸውን ማሰብ ይገባል፤ ጥንቃቄም ዋጋ አለውና።

ወይዘሮ ዋርኖክ በመጋቢት 2019 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ዐረፉ። እሳቸውና ጓደኞቻቸው ወሰኑን በወሰኑበት ዘመን ሽልን ከአካል ውጭ እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ለማድረስ የሚችል ሊቅ አልነበረም፤ ስለዚህ ወሰኑን ማክበር ለማንም አላስቸገረም። በግንቦት 2016 ዓ.ም. ግን በካምብሪጅ የማግዳሌና ዘርኒካ-ጌትስ፣ በኒው ዮርክም የአሊ ብሪቫንሉ የምርምር ጓዶች ሽልን እስከ አሥራ ሁለተኛና አሥራ ሦስተኛ ቀን ማቆየት ቻሉ፤ ወሰኑንም ለማክበር ራሳቸው አቆሙት። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። ብዙ እርግዝና የሚጨናገፈውና ብዙ ጉድለት የሚጀምረው ከአሥራ አራተኛው ቀን ቀጥሎ ባሉት ሳምንታት ነው፤ ስለዚህ ይጨመርልን የሚሉ ሊቃውንት በረከቱ። ዓለም አቀፉ የዚህ ሙያ ማኅበር በ2021 ዓ.ም. መመሪያው ውስጥ ወሰኑን አላላው። በ2024 ዓ.ም. ባለሥልጣኑ ራሱ ወደ 28 ቀን ከፍ እንዲል ለመንግሥት ማሳሰብን ደገፈ። ተቃዋሚዎች ደግሞ ወሰን በተደረሰበት ቁጥር የሚገፋ ከሆነ መጀመሪያውኑ ወሰን አልነበረም ይላሉ። ለዚህ አነጋገራቸው በቂ መልስ እስካሁን አላነበብንም። መስመሩ ግን የተሠመረው በሕግ ነው፤ ፓርላማው ካልለወጠው በቀር ባለሥልጣኑ ለማንም ሊቅ አንዲት ቀን እንኳ መጨመር አይችልም።